የመቃወሚያው ጊዜ ሰኔ ሁለት ያበቃል

ሞምባሳ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸፊቃ፣

የአላህ ሰላም በአንቺና በእናትሽ ላይ ይሁን፤ ቤታችሁን ከክፉ ወሬ ይጠብቅ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ብቻ ነው። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ራሱ የሞቀ ነው።

ጥያቄሽ ደርሶኛል፤ እዚህ የኔትወርክ ድርጅት ውስጥ ሥራዬም ይኸው ቁጥር ነው። የኢንተርኔት ቁጥር ማን እንደሚሰጥ፣ በምን ሕግ እንደሚሰጥ፣ ጀማሪ አንብቦ የሚገባው ጽሑፍ አጣሁ ብለሻል። የለማ! ሕጉን የሚጽፉት የሚያውቁት ናቸው፤ የሚያነቡትም እነሱው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን የስልክ ወሬ ይፈሳል። አያትሽ ከደሴ በደብዳቤ ነው ያሳደጉን። በኢሜይል ቢላክም ደብዳቤ ደብዳቤ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ ቁጥር አለው። ጥያቄ ሲልክ መልሱ ወደዚያ ቁጥር ይመለሳል። ቁጥር የሌለው ቢጮህም መልስ የሚደርስበት ቦታ የለውም።

ቁጥሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አጫጭሮቹ የድሮዎቹ ናቸው፤ ሊያልቁ ነው። ረጃጅሞቹ አዲሶቹ ናቸው፤ ተዝቀው አያልቁም፤ ግን ገና የማያናግራቸው መሣሪያ ብዙ ነው። ስለዚህ ሁሉም አጭሩን ይፈልጋል።

አሁን ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። ቁጥሩ አይሸጥም። የእድራችሁን ድንኳን አስቢ። የማነው? የማንም አይደለም። ለቅሶ የገባበት ቤት ይወስዳል፤ ሲያበቃ ይመልሳል። ለቅሶ ሳይኖርበት ድንኳን ወስዶ ሌላ ሰፈር የሚያከራይ ሰው ቢገኝ እድርተኛው ምን ይለዋል? ቁጥርም በአደራ ነው የሚሰጠው። የአህጉሩ መዝገብ ቤት ችግርሽን አይቶ ይሰጥሻል፤ ከቀረው ላይ ደግሞ ለአዲስ ገቢ ብሎ ትንሽ ድርሻ ለይቶ አስቀምጧል።

መዝገብ ቤቱ ግን ሕግ አያወጣም፤ ያስፈጽማል። ሕጉን የሚያወጣው የመጣ ሰው ሁሉ ነው። በኢሜይል የሚጻጻፉበት መድረክ አለ፤ ማንም ይመዘገባል፣ ማንም ሐሳብ ያቀርባል፣ ማንም ይቃወማል። ድምፅ አይቆጠርም። ሰብሳቢዎቹ የሚጠይቁት "ያልተመለሰ ተቃውሞ አለ ወይ?" ብለው ነው።

ለምን እንደጠየቅሽኝ አልጻፍሽም። ለእናትሽ፣ ሐኪም ያዘዘላትን እንዳትተው ንገሪልኝ።

አጎትሽ አብዱልሃኪም


አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ከቤትዎ አይራቅ። እማዬ እጅዎን ትስማለች። መድኃኒቱን ትወስዳለች፤ ስታስታውስ።

የድንኳኑን ለአማኑ አነበብኩለት። አማኑ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ በቸርችል ጎዳና ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሲወጣ፣ ካረጀ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ሆነን የምንሠራባት ትንሽ ድርጅት አለች። "ታዲያ እኛ ተከራይ ነና! ለቅሷችንን በሰው ድንኳን ነው የምናስተናግደው" አለ። እውነቱን ነው። ስድስት ኪሎ ላሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ለአንድ ክሊኒክ፣ ከፒያሳ ተነስተው ለተበተኑ ጥቂት ወርቅ ሠሪዎችም አሁን ባሉበት ኢንተርኔት እናደርሳለን። መስመሩን ከአንድ ትልቅ መስመር ሰጪ እንወስዳለን፤ ቁጥሮቹም የሱ ናቸው።

ለምን እንደጠየቅሁ ላስረዳ። መስመር ሰጪው ደብዳቤ ጽፎልናል። መስመሩ ይቀጥላል፤ ቁጥሮቹን ግን እስከ ጳጉሜ መልሱልኝ ብሏል። ስለዚህ የራሳችን ቁጥር ካላገኘን ድርጅቷ አዲሱን ዓመት አታይም። ለአዲስ ገቢ የተለየውን ድርሻ መጠየቅ እንፈልጋለን። ማመልከት የምንችለው ፈቃዳችን ሐምሌ ላይ ሲታደስ ነው። እስከዚያ ሕጉ እንዳለ ይቆያል?

ጥያቄዬ ይህ ብቻ ነው። አይደለም። ሌላም አለኝ፤ ሌላ ቀን።

ልጅዎ ሸፊቃ


ሞምባሳ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሸፊቃ፣

ረመዳኑ ይቅለልላችሁ፤ ጾማችሁን አላህ ይቀበል። መልሴ ዘገየ። ምክንያት ነበረኝ፤ እነግርሻለሁ።

የራስሽን ድርጅት ይዘሽ መቆምሽ አኮራኝ። የአባትሽ ልጅ ብቻ ሳትሆኚ የኔም ነሽ። አሁን ያለው ሕግ ለአዲስ ገቢ የሚጠይቀው ትንሽ ነው፤ ፈቃድና የሥራ ዕቅድ። ይኼ ትንሽነቱ ነው ግን እንቅልፍ የነሳኝ።

አታላዮች አሉ። ዛሬ የተከፈተ ድርጅት በአዲስ ገቢ ስም ቁጥር ይወስዳል፤ ነገ ቁጥሩ ሌላ አህጉር ተከራይቶ ይገኛል። አንድ ደንበኛ፣ አንድ ሽቦ የለውም። የእድር ድንኳን ባሕር ማዶ። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ ማሻሻያ ሐሳብ ጻፍኩ። አዲስ ገቢ ከሁለት የተለያዩ መስመር ሰጪዎች ጋር ውል እንዳለው ያሳይ የሚል ነው። ሁለት መስመር ስቦ የሚያመጣ ሰው የምር ሊሠራ የመጣ ነው። እዚህ ሁለተኛውን ውል በአንድ ሳምንት ታገኚያለሽ።

ጽሑፉን አያይዤልሻለሁ። ሕጎቻችን ለጀማሪ አይገቡም ስትይ ልቤን ነክተሽው ነበርና፣ የኔው እንኳ እንዲገባ ፈለግሁ። አንቺ ጀማሪ ነሽ። አንብቢውና ቃሉ ግልጽ መሆኑን ንገሪኝ።

አጎትሽ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ጾምዎን አላህ ይቀበልዎ። እማዬ ደህና ናት።

ጽሑፍዎን አነበብኩት። ግልጽ ነው። በጣም ግልጽ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንዱ ዓረፍተ ነገር ረዝሟል፤ ለሁለት ቢከፈል ጀማሪ ትንፋሽ አያጥረውም። ሦስተኛው ላይ "ውል" ሲል የተፈረመ መሆኑን ቢገልጽ ማንም አይምታታበትም። ሌላ የቃል እንከን አላየሁም።

እንዲያው ለወሬ ያህል ልንገርዎት። እኛ ሕንጻ የገባው የአንድ መስመር ሰጪ ገመድ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ዘንድሮ ጠይቀን ነበር። ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነው፤ ደረጃውን ወጥቶ፣ ጣሪያውን አይቶ፣ "እህቴ፣ ይኼ አካባቢ ይፍረስ አይፍረስ ሳይታወቅ ገመድ ብስብላችሁ አለቃዬ እኔን ነው የሚያፈርሰኝ" አለ። ቦታው ይፈርሳል ያለን የለም። አይፈርስም ያለንም የለም። ፒያሳ ላይ ወሬ ከግሬደር ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

ሁለት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጓጉቼ ነበር። ለማወቅ ብቻ።

ልጅዎ ሸፊቃ


ሞምባሳ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሸፊቃ፣

ሰላም ለናንተ። ዘገየሁብሽ። ሐሳቦቹ በሚመከሩበት የመድረኩ ስብሰባ ምክንያት ከሰው አልነበርኩም።

ያረምሽልኝን ሁሉ አርሜ አቀረብኩት። አንድ የሴኔጋል ሰው ተነስቶ "እንዲህ የሚነበብ ሕግ አይተን አናውቅም" አለ። አንቺን አሰብኩሽ። ሁለት ያልኩት፣ ባንድ እግር የቆመ በርጩማ ስለሌለ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ከሦስት አገር የመጡ ሰዎች ስማቸውን አብረው አስገብተዋል።

አሁን የቀረው የመቃወሚያው ጊዜ ነው። ሰብሳቢዎቹ ሐሳቡን መድረኩ ላይ ለጥፈውታል፤ እስከ ሰኔ 2 ድረስ የሚቃወም ካለ ይጽፋል። ካልጻፈ ያልፋል። እዚያ ዝምታ እሺታ ነው። አገር ቤት ዝም ያለ ሰው ቅር እንደተሰኘ ይገባናል፤ እዚህ ግን ማን ይጠይቀዋል?

አንቺም ተመዝገቢና አንድ ቃል ጻፊ። የአዲስ ገቢ ድምፅ ይጎድላል። ደግፌያለሁ ብትይ እንኳ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አጎትሽ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን ደስ አለዎት። እማዬም እንኳን ደስ አለህ ብላለች። የሴኔጋሉን ሰው ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች፤ ሲወራ ሲወራ ሚኒስትር ሆኗል።

ትንሽ ጥያቄ አለችኝ። አንድ ሰው መናገር ያለበት ነገር ቢኖር፣ ግን እሱ ራሱ መናገሩ ነውር ቢሆንበት፣ ሌላ ሰው ስለሱ ሆኖ መድረኩ ላይ ቢጽፍ ይፈቀዳል?

ልጅዎ ሸፊቃ


ሞምባሳ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸፊቃ፣ ይፈቀዳል። ማንም ስለማንም መጻፍ ይችላል። ምነው? ለማንኛውም ጉዞ ልወጣ ነው፤ ስመለስ በሰፊው እጽፋለሁ። — አ.


ሞምባሳ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሸፊቃ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ዛሬ የምጽፍልሽ ለጉድ ነው።

መድረኩ ላይ ሦስት ሰዎች ሐሳቤን ተቃውመው ጻፉ። ሦስቱም ትናንት የተመዘገቡ። አንደኛው በስብሰባ ንግግር ዓይነት ነው የጀመረው፤ ለክቡራን ሰብሳቢዎች፣ ለክቡራት ምናምን። ሁለተኛው የኔን አባትና አያት መረቀ፤ ስለ ኔትወርክ አንድ ቃል የለውም። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ "የልጆቻችንን እንጀራ አትዝጉ፤ እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም" ትላለች። እንግሊዝኛው የሁለቱ አንድ ዓይነት ነው። አገራቸው ኢትዮጵያ!

ደሜ ፈላ። እነዚያ ቁጥር ነጋዴዎች ሰው ቀጥረው እንደሚያጽፉ እናውቃለን። የኢሜይሎቹን ጀርባ፣ ከየትኛው ቁጥር እንደተላኩ የሚጻፍበትን፣ አየሁት። ሦስቱም የወጡት ከአንድ ቁጥር ነው። ከአዲስ አበባ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ። አንድ ሰው ስም እየቀያየረ ነው የጻፈው ማለት ነው። እኔም መለስኩ፦ "ሦስት ባርኔጣ፣ አንድ ራስ።" መድረኩ ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ። ሰብሳቢዎቹም ተቃውሞውን እንደ ተቃውሞ አልቆጠሩትም።

ቁጥሩ የአንድ ትልቅ መስመር ሰጪ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሆነ አይታይም። አንቺ ሰው ታውቂያለሽ። እዚያ ማን ነው እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠራ? በአገራችን ስም መደረጉ አሳፈረኝ።

ስለሱ ይብቃን። አንቺ አሁንም አልጻፍሽም።

አጎትሽ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬዋለሁ። ሰላምታው ላይ እደርስና እቆማለሁ። ስለዚህ ሰላምታው ለመጨረሻ ይቆየኝ።

ሰዎቹ ሦስት ናቸው። ሦስት ራስ። የላክኋቸው እኔ ነኝ።

ሐሳብዎ ካለፈ እኛ አናመለክትም። ሁለተኛ ገመድ ሕንጻችን ውስጥ አይገባም። መጋቢት ላይ ነግሬዎት ነበር፤ ለወሬ ያህል ብዬ። የነገርኩዎት መስሎኝ ነበር። እርስዎም የሰሙኝ መስሎኝ ነበር።

ለእማዬ ስነግራት "አጎትሽን አገር በሚያየው ቦታ ተሳስተሃል ልትዪው?" አለችኝ። "አባታችን ሲሞት አባት የሆነን ማን ነው? አፌን ከፍቼ አላውቅም እሱ ፊት።" ቀጥላም "ሽማግሌ ላኪ" አለች። "ቅያሜ እንዲህ ነው የሚነገረው።" ልክ መስሎ ታየኝ። አሁንም ልክ ይመስለኛል። እርስዎንም ጠየቅሁ፤ ይፈቀዳል አሉኝ።

ሐጂ የሲን የፎቃችን ጎረቤት ናቸው፤ ሰዓት ይጠግናሉ። ከበኒን መስጊድ ዙሁር ሰግደው መጡ። አቶ ገብረክርስቶስ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ ክራባት አስረዋል። እትዬ አስካለ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ደረጃውን ወጥተው ሲያበቁ ግድግዳ ተደግፈው፣ "ለጋብቻ እንኳ ይህን ያህል ወጥቼ አላውቅም። ለመሆኑ ሙሽሪት ማን ናት?" አሉ።

"ቁጥር ናት፣ እትዬ" አላቸው አማኑ።

"ስንት ናት?"

"ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት።"

"በማርያም! ባንዴ?"

ሐጂ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና፣ "እኛ ዘንድ እንኳ አራት ነው የሚፈቀደው" አሉ።

ወንበር ብናቀርብ እምቢ አሉ። የተላከበት ጉዳይ እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም። ኮምፒውተሩ ፊት ቆሙ። ሥራ ያልያዘው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ስለነበረ በተራ ነው የጻፉት። አቶ ገብረክርስቶስ በእጃቸው ጻፉ፤ የሁለቱን እኔ እየተረጎምኩ ጻፍኩ። አንድ ዓይነት እንግሊዝኛ ያሉት የኔ ነው። ከአንድ ቁጥር የወጣውም ያለን አንድ ቁጥር ስለሆነ ነው። ከጳጉሜ በኋላ እሱም የለም።

ስንጨርስ እትዬ አስካለ "ታዲያ መልሱ?" አሉ። አማኑ መልሱ ያን ቀን እንደማይመጣ አስረዳቸው። "ነገ እንመጣለና" አሉ።

መጡ። መልስዎ ደርሶ ነበር። ሐጂ "ምን አለ?" አሉኝ። ስክሪኑ ላይ ሦስቱ ባርኔጣዎች፣ ከሥራቸው የሚስቁት ሰዎች። "አመስግነዋችኋል" አልኩ። "አስብበታለሁ ብለዋል።"

ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልዎት። "ከደግ ቤት የወጣ ሰው ነው፤ ያስታውቃል" አሉ። እትዬ አስካለም "እንዲያ ከተባለ እንቀመጣለን" ብለው ተቀመጡ።

አቶ ገብረክርስቶስ እንግሊዝኛ ያነባሉ። ስክሪኑን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። ደረጃው ላይ ስሸኛቸው "ደህና ተረጎምሽ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሲሉኝ ዓይኔን አያዩም።

የምጠይቅዎትን አላውቅም። ሰኔ ሁለት ቅርብ ነው።

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ሸፊቃ


ሞምባሳ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሸፊቃ፣

የትናንቱ ዒድ ለናንተ የደስታ ይሁን። ለኔ አልሆነልኝም። ሰላት ወጥቼ ተመለስኩ፤ የበላሁትን አላውቅም።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። አስቀመጥኩት። እንደገና አነበብኩት። ሽማግሌ። እኔ የአባቴ ልጅ፣ ሽማግሌ ተልኮብኝ ሳላውቀው ቀረሁ። በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች አገላብጬ ጀርባቸውን አየሁ። ስንት ዓመት የቆጠርኩት ቁጥር ሰው አስረስቶኝ ነው መሰል። ወይም እዚህ ብዙ ቆየሁ።

ለሐጂም፣ ለመምህሩም፣ ለእትዬ አስካለም ይቅርታዬን አድርሺልኝ። እኔን ሆነሽ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ስለ ሐሳቡ ግን አስቢልኝ። አሁን ልተወው ብል የሦስት አገር ሰው አብሮኝ ፈርሟል። ምን እላቸዋለሁ? የሳቅሁባቸው ያገሬ አዛውንት ነበሩ ልበል? በዚህ ዕድሜ? ይለፍና በሚቀጥለው ዓመት ራሴ አሻሽለዋለሁ። ቃሌ ነው።

ለናንተ ደግሞ መላ አለኝ። እኔ የምሠራበት ድርጅት ያልነካቸው ቁጥሮች አሉት፤ የማዛቸው እኔ ነኝ። ከጳጉሜ በፊት ጥቂቱን ወደናንተ አዞርላችኋለሁ። መዝገቡ ላይ በኛ ስም ይቆያሉ፤ ማንም አይጠይቅም። ትሠሩበታላችሁ። ድርጅትሽ አይዘጋም።

ይህ በኔና ባንቺ መካከል ይቅር። መድረኩ ላይ የሚጻፍ ነገር ባይኖር ይሻላል። ለእናትሽም አትንገሪያት፤ ትጨነቃለች።

አጎትሽ አብዱልሃኪም


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

የአላህ ሰላም በእርስዎ ላይ ይሁን፤ ልብዎን ያሳርፍልዎ።

ከዚህ በታች ያለው ዛሬ ጠዋት መድረኩ ላይ የለጠፍኩት ነው፤ በአማርኛ መልሼ ጽፌዋለሁ። አስቀድሜ ልልክልዎት ነበር። ብልክልዎት ግን እንደማልለጥፈው አወቅሁ።

"ሸፊቃ እባላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አራት ሰዎች የሚሠሩባት የኢንተርኔት ድርጅት ሠራተኛ ነኝ። አዲስ ገቢ ነኝ። ይህን ሐሳብ እቃወማለሁ።

ሐሳቡ በደንብ የተጻፈ ነው። አነባበቡን ለማቅለል እኔም ረድቻለሁ፤ ስለዚህ አልገባኝም ማለት አልችልም። ገብቶኛል። ሁለት መስመር ሰጪ ያሳይ ይላል። እኛ ሕንጻ ውስጥ ሁለተኛው አይገባም፤ ሕንጻው ይቆም እንደሆነ ማንም ስለማያውቅ። ሁለተኛ ገመድ የሌለው ሁሉ አታላይ አይደለም። አታላዩን ለመያዝ የምትፈልጉ ከሆነ ቁጥሩን ከሰጣችሁ በኋላ ደንበኞቹን ጠይቁ፤ እኛ ስማቸውን እንሰጣለን፤ መጥታችሁ እዩ። በር ላይ ሁለት ገመድ መጠየቅ የሚያስቀረው ገመድ የሌለውን ነው። ገንዘብ ያለው አታላይ ሦስት ገመድ ይዞ ይመጣል።

ግንቦት ላይ የጻፉላችሁ ሦስት ሰዎች በሕይወት ያሉ፣ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሐጂ የሲን፣ አቶ ገብረክርስቶስ፣ ወይዘሮ አስካለ። ከኛ ቢሮ ነው የጻፉት። የለመንኳቸው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም የሐሳቡ አቅራቢ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ በኛ አገር ደግሞ ልጅ አጎቷን በአደባባይ አትቃወምም። አሁን ግን እየተቃወምኩ ነው። ተቃውሟቸው እንዲቆጠር እጠይቃለሁ።"

የለጠፍኩት ይህን ነው።

እማዬ አጠገቤ ነበረች። የእንግሊዝኛውን ሳነብላት እርስዎ የተጠቀሱበት ቦታ ላይ ደረስኩና "የእናቴ ወንድም" አልኩ። "ስሜን ልታነሺው ነው?" አለችኝ። "አይደለም፤ የእሳቸውን ነው።" "የሱን ካነሳሽ የኔም ተነሳ" አለች። ከዚያ ተነስታ ጫማዋን ስታደርግ አየሁ። የምትሄድበት አልነበራትም። ደጅ ቆማ ቆየችና ተመለሰች። "ልከሽዋል?" አለችኝ። ልኬዋለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን ሌላ አልገባኝም። መድኃኒቷን ግን ዛሬ ሳላስታውሳት ወሰደች።

ያሉኝን ቁጥሮች አልወስድም። ስለ እነሱም ለማንም አልናገርም። በመዝገብ በአንዱ ስም ያለ፣ ሌላው በስውር የሚሠራበት ቁጥር። ከዚህ የተለየ ምን ነበር ሊከለክሉ የተነሱት? ለኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ያስፈራኝ እሱ ነው። እንቢ ለማለት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ፤ አማኑንም፣ የክሊኒኩንም ሰዎች እያሰብኩ። እንቢ ያልኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ሐጂ ዱዓ ሲያደርጉልዎት ያየሁትን እጃቸውን ከዓይኔ ማውጣት ስላቃተኝ ነው።

ይቅርታዎን አላደረስኩም። ላደርሰው አልችልም። የተሳቀባቸው ብዙ ሰው በሚያነብበት ቦታ ነው፤ እኔ በሹክሹክታ ጉልበት ብስምላቸው ለምን እንደሳምኳቸው ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ሁለቱ እንደተሰደቡ እንኳ አያውቁም።

አንድ ሰብሳቢ ጽፎልኛል። የሁላችሁንም ተቃውሞ ተቀብለናል፤ አቅራቢው እስከ ነገ መድረኩ ላይ ይመልሱ፤ ካልመለሱ ሐሳቡ አያልፍም፤ ከመለሱ መልሱን አይተን እንወስናለን ይላል። ስለዚህ ነገሩ እርስዎ እጅ ነው። ቢያልፍ እኛ እስከ ጳጉሜ ነን። ለአማኑና አብረውን ለሚሠሩት ሁለት ልጆች ነግሬያቸዋለሁ። አማኑ ቀልድ አልቀለደም።

ነገ ጠዋት ሦስቱም ይመጣሉ። እትዬ አስካለ "መልስ አለው የተባለ ነገር ይሰማል" ብለዋል። ሦስት ወንበር አለን፤ ግን የሚቀመጡ አይመስለኝም። አቶ ገብረክርስቶስ ስክሪኑን ያነባሉ። ለሁለቱ የማነብላቸው እኔ ነኝ። እርስዎ የጻፉትን፣ ምንም ይሁን ምን፣ ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ።

ልጅዎ ሸፊቃ